የዋጃ ግራና ቀኝ

እንግዲህ ስሙኝ። ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉ፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ድምፄ ይዋጣል። ዋጃ ላይ ወግ የሚያወጋ ሰው ከአስፋልቱ ጋር እየተሻማ ነው። አቦሉ እስኪደርስ የምላችሁ አለ፤ በረካው ላይ ደግሞ የእናቴን የጋን መክደኛ ነገር እነግራችኋለሁ። እስከዚያ አታስቸኩሉኝ።

በመጀመሪያ ተነሡና ፊታችሁን ወደ አላማጣ አዙሩ። አዎ፣ ወደ ሰሜን። በግራችሁ ያለው ተራራው ነው፤ ሽቅብ ቢሉት ላስታና ዋግ ያደርሳል። በቀኛችሁ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ዞብል፣ ከዞብል ወዲያ አፋር። ቆቦ ከጀርባችሁ ነው። የቆማችሁበት ጥቁር ነገር ደግሞ አስፋልቱ። የዛሬው ወጋችን ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም፤ ከግራው፣ ከቀኙና ከመሐሉ መንገድ።

ዝናብ በእኛ ሜዳ ላይ ስስታም ነው። ማሽላችንን፣ ደጋሊቱንም ጅጉርቲውንም፣ የሚያጠጣው ከግራ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ተራራው ላይ ሲያጉረመርም እዚህ ያለው ገበሬ በሌሊትም ቢሆን አካፋውን ይዞ ይወጣል። ጎርፉን ጠልፎ፣ ከፋፍሎ፣ በየማሳው ያስተኛዋል። ጠለፋው ያልተሠራ እንደሆነ ያው ያጠግባል የተባለው ውሃ ማሳውን ከነቡቃያው ጠርጎት ይሄዳል።

በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ አንድ ዘማች ተማሪ ከሰፈራችን ገበሬ ጋር ያደረገው ጨዋታ እስካሁን ይወራል። ዘማቹ ስለ ግራ ክንፍና ስለ ቀኝ ክንፍ ሲያስረዳ ውሎ ሲያበቃ፣ «አሁን አባቴ፣ ለሰፊው ሕዝብ የሚያሰጋው ከየት በኩል የሚመጣው ነው?» ይላቸዋል። ሰውዬው ወደ ተራራው አየት አድርገው፣ «ከግራ ነው ልጄ። እሱ ሲቀር ግን እንራባለን» አሉት። ዘማቹ ቃላቸውን በደብተሩ ጻፈው ይባላል። ከየትኛው ዓምድ እንዳስገባው ቢነግረኝ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ቋንቋችንስ ቢሆን ግራን መቼ ይወደዋል! የጨነቀው ሰው ግራ ገባኝ ይላል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ቀኝ ያውላችሁ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲጠራቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። ዳኛ ፊት የቀረቡ ከሳሽና ተከሳሽ «ግራ ቀኙ» ናቸው፤ አንደኛው ከቀረ ክርክር የለም። ጦር ሲሰለፍ ግራዝማች በግራ፣ ቀኛዝማች በቀኝ ይቆም ነበር። ቀኛዝማቹ በማዕረግ ይበልጣል፤ ይብለጥ። ሁለቱ የሚያዩት ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። እኔ በበኩሌ የግራ ክንፉ ዞሮ የቀኝ ክንፉን ስለወጋበት ሰልፍ ከአያቴም ከአባቴም አልሰማሁም።

የፖለቲካው ግራና ቀኝ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ፈረንሳዮች በእነሱ አቆጣጠር በ1789 ጉባኤ ሲቀመጡ የንጉሡ ወገኖች ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ ለውጥ ፈላጊዎቹ በስተግራ ሆኑ። ሲጀመር የወንበር ጉዳይ ነበር እንግዲህ። እዚህ ሲደርስ ግን ወንበሩ ቀርቶ ጠቡ ብቻ ደረሰ።

መጀመሪያ የደረሰን የትኛው ነው በሉኝ። ቀኙ ነው። ከሮም።

ራያ፣ ይህ የእኛው አገር፣ ከማዕከሉ ጋር ቂም ነበረው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲሸፍት ጦር ዘምቶበታል። የሙሶሊኒ ሰዎች ቂሙን አልፈጠሩትም። የተፈጠረውን አገኙና ዋጋ ተመኑለት፤ ማርያ ትሬዛ ብር፣ ከዚያም ጠመንጃ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ውጊያው ሳይሰምር ቀርቶ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በአሸንጌ በኩል ወደ ኮረም ሲያፈገፍግ፣ ከላይ አውሮፕላን፣ ከጎን ደግሞ ያን ብር የተቀበሉ የራያና የአዘቦ ሰዎች ወጉት። ሁሉም አልነበሩም፤ ራያን በሙሉ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እኔ ፊት አይቀመጥም። ከወጉትም መካከል ፋሺዝም ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው የነበረ አይመስለኝም። አክራሪ ሐሳብ አገር ለመግባት አማኝ አያስፈልገውም። አንድ ያልታከመ ቂምና አንድ ከፋይ ይበቁታል።

ያ ቀኝ ሁለት ነገር ትቶልን ሄደ። አንደኛው ይህ መንገድ ነው። አሥመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን፣ ከኮረም በግራ ካሱ ዳገት ተጠማዝዞ ወርዶ በአላማጣና በእኛ በኩል ቆቦ፣ ወልድያ፣ ደሴ የሚለውን አስፋልት የሠራው ጣልያን ነው። (የግራ ካሱ «ግራ» ከዛሬው ወጋችን ጋር ዝምድና የለውም፤ ትግርኛ ነው፣ እርሻ ማለት።) ሁለተኛው ካርታ ነው። አገሪቱን ይዞ ሲያበቃ በቋንቋና በነገድ እየሸነሸነ ገዥ ሾመባት፤ ትግራይን ከኤርትራ ጋር አንድ ግዛት አደረገ። መንገዱ ቀረ፤ ካርታው ከአምስት ዓመት በኋላ ተቀደደ። ተቀደደ ብለን ነበር።

በ1935 ደግሞ ወያነ ተነሣ፤ የዛሬው ሳይሆን ቀዳማዩ። ብላታ ኃይለማርያም ረዳ የመሩት፣ ራያም የገባበት። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መጥተው መቀሌን እስኪደበድቡ ድረስ መንግሥት አልቻለውም ነበር። ግራ ነበር ወይስ ቀኝ ትሉኝ ይሆናል። ግብር ነበር። ግብርና ሹመኛ። ከዚያ በኋላ ራያ ለሁለት ተከፈለና ደቡቡ ለወሎ ተሰጠ፤ እኛም ከቆቦ ጋር ወሎ ሆነን ኖርን።

ኧረ ስኒውን አዙሩልን፤ ቡናው እኮ ቀዘቀዘ።

አሁን ግራው መጣ። ቀኙ መንገዱን ሠራው፤ ግራው በመንገዱ መጣ። ሲመጣ ግን በባዶ ሜዳ አልመጣም። በ1965 የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚህ እስከ ቆቦ፣ ከቆቦ እስከ ወልድያ፣ በአስፋልቱ ዳርና ዳር ሰው ተደርድሮ አይቻለሁ። ለምን መንገድ ዳር? መንገደኛ ያየናል ብለው ነዋ። አውቶቡሱ ያልፋል፤ ከመስኮቱ አንዳንዴ ቁራሽ ዳቦ ይወረወራል። መንግሥት ዝም አለ። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ሄደው ለተማሪው አሳዩት፤ ተማሪው ጮኸ። በጥቅምት 1966 ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ።

አስተውሉ፤ ያን ፊልም ደርግ ምን አደረገው? መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በዘመን መለወጫው፣ የእኛን አጥንት ከንጉሡ ግብዣና ከውሾቻቸው ፍርምባ ጋር እየቆራረጠ ቀጠለና ለአዲስ አበባ ሰው አሳየው። በማግሥቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። በፊልሙ የታየው ሁሉ እውነት ነበር፤ ረሃቡም እውነት፣ ግብዣውም እውነት። አቀጣጠሉ ነው ሰይፉ። ከዚያ ወዲህ ስንት አቀጣጣይ አየን!

ትንሽ ወደፊት ልዝለልና ይህንን ልጨርሰው። አሥር ዓመት አለፈ። ያው ደርግ በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ አዲስ አበባ ላይ በመብራትና በሰልፍ አከበረ፤ አደባባዩ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ሆነ። ግራ ካሱን ሽቅብ ብትወጡ የምታገኙት ኮረም ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጥቅምት ላይ ማይክል ቡርክና ሞሐመድ አሚን ከዚያ ሜዳ ያነሡትን ቢቢሲ አሳየውና ዓለም ደነገጠ። ሌላ ጋዜጠኛ፣ ሌላ ድግስ፤ ረሃቡ ግን የዚያው መንገድ ረሃብ። የአሁኑን ፊልም ከድግሱ ጋር ቀጥሎ በቴሌቪዥን የሚያሳይ ግን አልተገኘም፤ መቀሱን የያዘው ደጋሹ ራሱ ነበራ።

ተመለስኩ። ወደ ተማሪዎቹ።

የሳይንቱ ልጅ ዋለልኝ መኮንን ደሴ ወይዘሮ ስኂን ተምሮ አዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጥቂት ገጽ ጽፎ በተማሪዎቹ መጽሔት አወጣ። ኢትዮጵያ አንድ ብሔር ሳትሆን የብዙ ብሔሮች አገር ናት አለ። መድረሻ አድርጎ ያሰበው መለያየትን አልነበረም፤ ሶሻሊዝምን ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965፣ ከጓደኞቹ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲል እዚያው አየር ላይ ከነማርታ መብራህቱ ጋር ተገደለ። ታላቅ ወንድሜ ያን ጽሑፍ ተባዝቶ ሲደርሰው ከማሽላው ጎተራ ሥር፣ በኩራዝ አነበበው። ስንት ጊዜ እንዳነበበው እንጃ፤ እናቴ የምትቆጥረው የላምባውን ማለቅ ነበር።

ሁለቱ ትልልቅ የግራ ድርጅቶች የት እንደተወለዱ ታውቃላችሁ? መኢሶን በ1960 ሀምቡርግ፤ ኢሕአፓ በ1964 በርሊን። ሁለቱም ጀርመን አገር! የአንድ የተማሪ ማኅበር ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ፣ ምናልባት ከአንድ ድስት የበሉ። ኢዲዩ የሚባለው የነራስ መንገሻ ሥዩም ድርጅት ደግሞ ለንደን። ገበሬውን ነፃ ለማውጣትም፣ ገበሬውን እንደነበረ ለማስቀመጥም አውሮፓ ተሂዶ ተመከረ። ገበሬው ማሽላውን ይጠብቅ ነበር።

መኢሶንና ኢሕአፓ ገና ከመግባታቸው ወንበሩ ላይ ወታደር ተቀምጦ አገኙት። ጠቡም የመጣው ከዚያ ነው። መሬት ላራሹን ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 አወጀው፤ ሁለቱም ሲጮኹለት የኖሩት ነገር። መኢሶን፣ «ሂሳዊ ድጋፍ እንስጠው፣ እየደገፍን እንግራው» አለ። ኢሕአፓ፣ «የለም፣ ወታደሩ ይውረድ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» አለ። ይኸው ነው ልዩነቱ። ስለ መሬት አልተጣሉም፤ ስለ ሌኒንም አልተጣሉም። ስለ ሰዓቱ ነው የተጣሉት።

እውነተኛው ቀኝስ የት ሄደ? ሄዷል። ደጃዝማች ብርሃነ መስቀል ደስታ እዚሁ እኛው ወሎ ውስጥ ሸፍተው ደርግን ወጉ፤ አልቆዩም። ኢዲዩ በሑመራና በመተማ በኩል ገፍቶ ገባ፤ እሱም ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። የሚያስገርመው፣ የግራውም የኢሕአፓ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ብርሃነ መስቀል መባሉ ነው፤ ብርሃነ መስቀል ረዳ። አንድ ስም በሁለቱም ዳር። ይህኛው ብርሃነ መስቀል በ1961 አውሮፕላን አስገድደው ካርቱም ከወረዱት አንዱ ነው፤ ከዚያ አልጄሪያ ኖረ። ኋላ ከተማ ውስጥ ሰው እየተኮሱ መጣል ያጠፋናል ብሎ ቢናገር ከገዛ ጓዶቹ «አንጃ» የሚል ስም ወጣለት። አብሮት የተናገረውን ጌታቸው ማሩን የገዛ ፓርቲው ሰዎች ገደሉት። አያችሁ? አክራሪነት ጠላቱን ከመጨረሱ በፊት መሐሉን ነው የሚያጸዳው፤ «እስቲ ቆይ» የሚለውን ሰው።

መስከረም 13 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ ተተኮሰ፤ ቆሰለና ዳነ። በዚያው ሰሞን የመኢሶኑ ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ጥር 26 ደርግ የራሱን ሊቀ መንበር ተፈሪ በንቲን በልቶ አደረ። በሚያዝያ መንግሥቱ አደባባይ ወጥቶ በደም የተሞሉ ጠርሙሶች ከሰከሰ። ከዚያ ቀበሌው፣ አብዮት ጠባቂው፣ «ነፃ እርምጃ»ው። መንገድ ላይ ሬሳ፣ ሬሳው ላይ ወረቀት፤ እናት ለልጇ እንዳታለቅስ።

ቀይ ሽብርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ነጭ ሽብር» የሚለውን ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። በሩሲያ አብዮት ነጭ የሚባሉት የንጉሡ ሰዎች፣ ቀኞቹ ናቸው። ደርግ ያን ስም አምጥቶ ማርክስን በደረቱ አቅፎ ለሚተኛው ለኢሕአፓ ልጅ ሰጠው! ኢሕአፓም በበኩሉ ደርግን «ፋሺስት» አለው፤ ይኸውና የማይጨዉ ቀኝ ስም። መኢሶኑን «ባንዳ» አለው፤ እሱም ከጣልያን ዘመን የተረፈ ቃል። መኢሶን መልሶ «አናርኪስት» አለው። በአንድ ከተማ ውስጥ ግራ በግራ ሲገዳደል፣ እያንዳንዱ ሌላውን የሚገድለው ቀኝ ነህ እያለ ነበር። ግራዝማቹ ግራዝማቹን ቀኛዝማች ብሎ ወጋው ማለት ነው። ቀኛዝማቹ ቢኖር ምን ባለ!

መኢሶን ሂሳዊ ድጋፉን ሰጥቶ ሰጥቶ በነሐሴ 1969 እሱም ሸሸ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተያዘ። በ1971 ኃይሌ ፊዳም ብርሃነ መስቀል ረዳም በደርግ እጅ ተገደሉ። የሀምቡርጉና የበርሊኑ ክርክር በአንድ እስር ቤት ተዘጋ።

ገጠሩም ያው ነበር። የካቲት 11 ቀን 1967 ደደቢት ላይ የተነሣው ሕወሓትና አሲምባ የመሸገው የኢሕአፓ ሠራዊት፣ ሁለቱም ማርክስን አንባቢ፣ ደርግን ጠላት ባይ፣ በ1970 እርስ በርስ ተዋግተው አንዱ አንዱን ከትግራይ አስወጣ። ሕወሓት ኋላ በውስጡ ማሌሊት የሚባል ፓርቲ አቋቁሞ፣ ሞስኮም ቤጂንግም ከመሥመር ወጥተዋል፣ የቀረችው አልባኒያ ናት እስከ ማለት ደረሰ። አልባኒያን ከእኛ ሰፈር አይቷት የመጣ የለም። እንዲያው ስሟ ሲጠራ ጥሩ ማሽላ የሚበቅልባት አገር ትመስለኝ ነበር።

1983 መጣ፤ ደርግ ወደቀ። ወንድሜም ተመለሰ። በየትኛው ድርጅት ሄዶ በየትኛው እንደተመለሰ አልናገርም፤ እሱ ራሱ ሲናገር አልሰማሁትምና። ቆቦ ሚስት አገባና እዚያው ቤት ሠራ። ከዚያ አዲሱ ካርታ ወጣ። ዋጃ ትግራይ ክልል፣ ቆቦ አማራ ክልል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው፤ ዋለልኝ በሞተበት ቀን፣ በሃያ ሁለተኛው ዓመት። ሆን ተብሎ ነው አልልም፤ ቀኑ ግን ያው ነው። ወንድሜ ለለቅሶ ከቆቦ ሲመጣ ሰው «ክልል ተሻግረህ መጣህ?» ይለዋል፤ ዝም ብሎ ይስቃል። በኩራዝ ያነበበው ወረቀት በመኖሪያውና በእናቱ ቤት መካከል መሥመር ሆኖ ተዘርግቶ አገኘዋ። ራያ ደግሞ ብሔርህ ምንድን ነው ሲባል እንዲህ በቀላሉ የሚመልስ ሕዝብ አይደለም። አማርኛው አለ፣ ትግርኛው አለ፤ በስማችንና በዘፈናችን ኦሮሞው አለ፣ ከተራራው አገው፣ ከዞብል ማዶ አፋር። ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን ግን አንድ ነበር።

አንዳንዱ ይህን ካርታ ከጣልያኑ ጋር አንድ ነው ይለዋል። እኔ አንድ ነው አልልም። ጣልያን የሸነሸነው ሊገዛ ነው፤ ተማሪዎቹ የተነሡት የተናቀ ሰው በቋንቋው እንዲዳኝ፣ እንዲማር ነው፤ ያ ንቀት ደግሞ እውነት ነበር። ግን እዚህ አስፋልት ዳር ተቀምጦ ለሚያይ ሰው፣ ከቀኝ የመጣውም ከግራ የመጣውም ይዞት የወረደው እርሳስ መሆኑ አይጠፋውም። ማን ነው መሬቱ ላይ ያለውን ሰው ጠይቆ ያሰመረ? ጠለፋ አልነበረውም ጎርፉ። ይህን ነው የምል።

የቅርቡን በአጭሩ ልለፈው፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ እነዚህ ከተሞች ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፉ እናንተም ታውቃላችሁ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ እንደገና የተቀሰቀሰው እዚሁ ቆቦ ዙሪያ ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ የራያ ጉዳይ ግን እስካሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቃሉም ዛሬ አስፋልት አይጠብቅም፤ በስልክ ይመጣል። «ባንዳ» አሁንም አለች፣ አላረጀችም፤ እህቶቿ ተጨመሩላት እንጂ። ባሕር ዳር ላይ በ2014 በጥይት የተገደሉ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ልጃቸው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ሄዶ ፌስቡክን የከሰሰው፣ አባቴ ላይ የተጻፈውን ስም ማጥፋት አንሡ ብላቸው ሳያነሡ ቀሩ ብሎ ነው። በ1969 ሬሳ ላይ የሚቀመጠው ወረቀት አሁን ሰውዬው ሳይሞት ቀድሞ ይለጠፋል።

ይኸው በረካው ወረደ። ልንገራችሁ መክደኛውን።

1970 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ወንድሜ ከወልድያ ትምህርቱን አቋርጦ መጥቶ ጓሮ ካለው የአገዳ ክምር ውስጥ ገብቷል። ቀን አይወጣም። ያመጣው ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ ሞስኮ የታተመ፣ ልባሱ ደረቅ። ከመጽሐፉ መሐል ደግሞ የተባዙ ቅጠሎች አሉ። ፍተሻ አላማጣ ደርሷል ሲባል እናቴ ሣጥኑን ምድጃው አጠገብ ጎትታ፣ «የትኛው ነው የሚያስገድለው?» አለችኝ። እኔ የአማርኛውን አውቃለሁ፤ ቅጠሉ ያስገድላል። መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደል እንጂ ነገሩን አላውቅም። ገዳዩም ተገዳዩም ያንኑ መጽሐፍ እንደሚያነብ እንዴት ብዬ ልወቅ! «እንጃ» አልኳት። «እንግዲያ ሁሉም» አለችና ምጣዱን ጣደች። የዚያን ቀን እንጀራ ጎረቤት ሁሉ እስኪገረም አበዛችው። ገጹ ነደደ። ልባሶቹ ግን እምቢ አሉ፤ ያጨሳሉ እንጂ አይነዱም። ብዙዎቹን ቀበረቻቸው። አንዱ ሰፊና ጠንካራ ነበርና አሳዘናት፤ አጥባ የውሃውን ጋን ከደነችበት።

በሦስተኛው ቀን መጡ። አራት ናቸው፤ አቧራ ለብሰዋል። ጎተራውን በሳንጃ ወጉ፣ መደቡን ገለበጡ፣ ጣሪያውን ዳበሱ። ምንም የለም። አለቃቸው ወጣት ነው፤ ላቡን እየጠረገ ውሃ ለመነ። እናቴ ወደ ጋኑ ስትሄድ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። መክደኛው ላይ ራሰ በራ፣ ጢሙ የሾለ ሰው በጎን ተቀርጿል።

«እማማ» አለ ልጁ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ይህ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አላውቀውም ልጄ። ዘመድህ ነው?»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። ልጁ፣ «ሌኒን ናቸው!» አለ፤ አንቱ ብሎ። «ከየት አመጡት?»

«ከአስፋልቱ» አለች እናቴ። «ከመኪና ወድቆ። ውሃው አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።» በጣሳ ጨለፈችና ዘረጋችለት። «ጠጣ እንግዲህ፤ ከሩቅ ነው የመጣችሁ።»

ጠጣ። ሌሎቹም በተራ ጠጡ። መጽሐፍ ፍለጋ የመጣው ልጅ የመጽሐፉን ልባስ በሁለት እጁ አንሥቶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጋኑን ከደነላት። ከዚያ ወደ ጥሙጋ አቅጣጫ ሄዱ።

እናቴ የእግራቸው ኮቴ እስኪጠፋ ደጁ ላይ ቆመች። ተመለሰችና ያንኑ ጣሳ ሳታለቀልቅ ሞላችው፤ መክደኛውን ገልብጣ፣ የሰውዬውን ፊት ወደ ውሃው አድርጋ ከደነችው። ጣሳውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ አገዳው ክምር ሄደች።